የአክሲዮን ርግብ

ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አራሚውም አሳታሚውም ሳያዩት አለፈ፤ ቃሉን በገዛ እጄ የጻፍኩት ግን እኔ ስለሆንኩ በማንም ላይ አላላክክም።

ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አባቴና እናቴም እስካሁን እዚያው ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ቤተ መጻሕፍታቸው ባዶ ለቀረባቸው ትምህርት ቤቶች የልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች መጡና ስለ ወፎች የተጻፈች አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እንድተረጉም ሰጡኝ። ሥዕሏ ያምራል፣ ዓረፍተ ነገሯ አጭር አጭር ነው። ንስርን፣ ጉጉትን፣ ቁራን መተርጎም ማንን ይቸግራል? እኔን የቸገረችኝ አንዲት የአውሮፓ የዱር ርግብ ናት። እንግሊዞቹ «ስቶክ ዶቭ» ይሏታል። «ዶቭ» ርግብ ነው፤ እሱ ግልጽ ነው። «ስቶክ» የሚለውን ስልኬ ላይ ስፈልገው «አክሲዮን» አለኝ፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ «የዕቃ ክምችት»። ሁለቱም ለወፍ የሚሆኑ አልመሰሉኝም። ግን የሚታረም የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል፤ አሳታሚዎቹም በየቀኑ ይደውላሉ። የፈረንጅ ነገር ምን ይታወቃል፣ ሀብታም አገር ነው ብዬ «የአክሲዮን ርግብ» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩ።

መጽሐፏ ኮምቦልቻ ታተመች። ከማተሚያ ቤቱ ጥቂት ቅጂዎች ተቀብዬ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎን ዳገት እስክንጨርስ ድረስ ሽፋኗን ስዳብስ ነበር። ስሜ በመጽሐፍ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። አንዷን ቅጂ በማግስቱ ለድሮ አስተማሪዬ ወሰድኩላቸው።

ኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ድረስ የምጠራቸው «ቲቸር» እያልኩ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ አይችሉም፤ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ስትመለስ ታነብላቸዋለች። መጽሐፏን ተቀብለው አሸተቷት፣ ገጾቿን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «አላህ ይጨምርልሽ» ብለው መረቁኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።» የጴንጤ ልጅ መሆኔን ያውቃሉ፤ ሰላምታቸውን ግን ለማንም ብለው አይቀይሩም።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ቲቸር። መጽሐፏን እንዴት አገኟት?»

«ማሻአላህ ናት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ይህቺ ርግብ አክሲዮኗን የገዛችው ከየትኛው ባንክ ነው?»

ፊቴ እሳት ሆነ። ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። በዚያ ቀን ሰኞ ገበያ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ በሽንኩርት ጆንያና በሸራ ጫማ ክምር መካከል ሰው እየገፋሁ፣ ይቅርታ እያልኩ አለፍኩ። ደርሼ በሩን ሳንኳኳ ቲቸር ገና ይስቃሉ። የልጅ ልጃቸውም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። «ከመደርደሪያው ላይ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አለ፤ አምጪልኝ።»

አወቅኩት። ክፍል ውስጥ በክንዳቸው ይዘውት የሚገቡት አሮጌው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። በዘመኑም ሽፋን አልነበረውም።

«‹ስቶክ› የሚለውን አውጪና የመጀመሪያውን ትርጉም አንብቢ።»

አነበብኩ። የዛፍ ግንድ ይላል። ጉቶ ይላል። አክሲዮንና የዕቃ ክምችት የመጡት ከብዙ መስመር በኋላ ነው።

«አየሽ?» አሉኝ። «ስሙ አርጅቷል። ዛሬ ‹ስቶክ› ሲባል እንግሊዝ ራሱ ሱቅና ባንክ ነው የሚታየው። ድሮ ግን ግንድ ማለት ነበር። ወፏ ጎጆዋን የምትሠራው የት ነው? ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ።»

እውነታቸውን ነው። ከስሟ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ትፈለፍላለች» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ግራጫ መሆኗን፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ እንደሚያብለጨልጭ፣ ሌላዋ ትልቋ የዱር ርግብ አንገቷ ላይ ያላት ነጭ ምልክት እሷ እንደሌላት፣ ሁሉንም በትክክል ተርጉሜያለሁ። ስሟን ብቻ ነው ያበላሸሁት።

«በእናንተ ቤተ ክርስቲያን ርግብ ምንድን ናት?» አሉኝ።

«የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ።»

«በእኛም ነቢያችን ከዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ በደጁ ላይ ጎጆ ሠርታ ጠላት እንዳይገባ ያደረገች ናት ይባላል። በእናንተም በእኛም የተከበረች ወፍ ናት። አንቺ ግን ነጋዴ አደረግሻት።»

አሁን እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን በረድ ሲል ሻይ መጣና ስለ ስሟ እንነጋገር ጀመር። እንግሊዞቹ ርግብን በሁለት ስም እንደሚከፍሏት ነገሩኝ። ለስብከትና ለግጥም ስትሆን «ዶቭ»፣ ጣሪያ ስታቆሽሽ «ፒጅን»። ወፎቹ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው። ይህችኛዋ በመልክም በመጠንም ከጣሪያዋ ርግብ ብዙ የማትለይ ስትሆን የተከበረው ስም ደረሳት። እኛ ደግሞ ትንሿን ዋኖስ እንላለን፤ የቀረችው ሁሉ ርግብ ናት፤ የቤት ናት፣ የዱር ናት፣ በቃ።

«እንግዲያው ‹የግንድ ርግብ› ልበላት?» አልኳቸው።

ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«በእኛም ቤት በግንድ ውስጥ የምትኖር ርግብ ነበረች» አሉ። «እናቴ የምትጠራበት ስም ነበራት። ጠፋኝ። መጽሐፍሽ ከተነበበልኝ ጀምሮ ሳስብ ነው የዋልኩት።»

«የሚያውቅ ሰው የለም?»

«አንድ ሰው አለች። ቢስቲማ አጠገብ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እህቴ ናት። አንነጋገርም።»

ያን ዕለት ሌላ ነገር አልነገሩኝም። ልጃቸው ግን ስትሸኘኝ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ፤ ሰላም ይባባላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው። አክስቴ ሰማንያ አልፏታል። እባክሽ አንቺ ጎትጉቻቸው፤ እኔን አይሰሙኝም።»

ጎተጎትኳቸው። መጽሐፏ ሳትሰራጭ ስሙን ማረም አለብኝ፤ ያለ እርስዎ ደግሞ አልችልም አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት መነኻሪያ ስንገናኝ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ የተተኮሰ ኮት ለብሰው ነበር፤ በጉንጫቸው ላይ ምላጭ የነካቸው ቦታ ይደማል።

ሐይቅ ደርሰን መኪና ቀየርን። ወደ ቢስቲማ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ሳለ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

ወጣት አስተማሪ ሆነው የተመደቡት በተወለዱበት ቀበሌ ነበር። ትምህርት ቤቱ ጣሪያና ግድግዳ እንጂ መቀመጫ የለውም፤ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከቤታቸው ደጃፍ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው የዋንዛ ዛፍ ነበር። ዋንዛ ደግሞ ለጣውላ የሚወዳደረው የለም። አባታቸው ሞተዋል፤ ወንድ ልጅ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለልጆቹ መቀመጫ እንዲሆን ይቆረጥ አሉ። እናታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። እህታቸው ግን፣ ያኔ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ከእናቷ ጋር የምትኖር፣ መጥረቢያው ሲመጣ ከግንዱ ሥር ቆማ «እናቴ የምትሰግድበት ጥላ ነው» አለች። ሰው ይዞ ገለል አደረጋት።

«በዓመቱ እናቴ ሞተች» አሉ ቲቸር። «ዛፉ አልገደላትም፤ ታማ ነው። እህቴ ግን ከዚያ ወዲያ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔም ትክክል ነበርኩ እያልኩ ኖርኩ። አርባ ልጅ ከድንጋይ ላይ አንስቻለሁ እያልኩ።»

«ትክክል አልነበሩም?»

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ከቢስቲማ በባጃጅ ጥቂት ሄድን፤ የቀረውን እጃቸውን ይዤ በእግር። ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል። እህታቸው ከግድግዳው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው ማሾ በሰፌድ ይለቅማሉ፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። ቀና ብለው አዩን። ቲቸር ሰላምታ ሲያቀርቡ ወንድማቸውን ለየት አድርገው ሳያዩ «ወአለይኩም ሰላም» አሉና በግድግዳው ጥግ ወዳለ አግዳሚ ወንበር በእጃቸው አመለከቱን። «ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ቲቸር ስለ አዝመራው ጠየቁ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ እህታቸው። ስለ ዝናቡ ጠየቁ። «አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ወደ ማሾ ለቀማቸው ተመለሱ።

እኔ ዝምታ አልችልም። መጽሐፏን ከቦርሳዬ አወጣሁና ስለ ስህተቴ መናገር ጀመርኩ። ርግቧን ባንክ አስገብቼ እንዳዋረድኳት፣ ወንድማቸው እንዴት እንደሳቁብኝ፣ ሰኞ ገበያን እንዴት እየሮጥኩ እንዳቋረጥኩ። አሮጊቷ አልሳቁም፤ ግን ሰፌዱን አስቀመጡ። ሥዕሉን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት።

«ርግብ ናት» አሉ። «ግን የእኛይቱ አይደለችም። የእኛይቱ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ነበር። ክንፏ ነጠብጣብ አለው።»

«አዎ!» አሉ ቲቸር፣ እንደ ልጅ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «ነጠብጣብ። እትዬ፣ እናታችን የምትጠራበት ስም ነበራት። ጠፋኝ።»

«ለዚህ ነው የመጣኸው?»

«ለዚህ ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለሌላም ነው» አሉ።

እህታቸው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። የወንድማቸው ዓይን እንደማያይ ያን ጊዜ የተረዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ድምፃቸው ተለወጠ።

«እጅህን ከጭንህ ላይ አንሳና የተቀመጥክበትን ዳስስ።»

ቲቸር መዳፋቸውን በአግዳሚው ላይ አሳለፉ። እንጨቱ ከመቀመጥ ብዛት ለስልሷል። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ አንድ ልጅ በምስማር የቀረጸው ፊደል ነው። ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

«ዋንዛ ነው» አሉ።

«የቱ ዋንዛ?»

እጃቸው ከእንጨቱ አልተነሳም።

«ትምህርት ቤቱ ባለ ብረት እግር ወንበር ሲመጣለት አሮጌዎቹን አጥር ሥር ጣሏቸው» አሉ እህታቸው። «ዝናብ እየመታቸው ከረሙ። ኋላ ለማገዶ መፍለጥ ሲጀምሩ ሄጄ ዳይሬክተሩን አንዱን ስጠኝ አልኩት። ከጎረቤት ሁለት ሴቶች ጋር ተሸክመን አመጣነው። ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች ፊደል የቆጠረችው በዚህ ላይ ነው። ዛሬ ነርስ ናት፤ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ዛፉን ስለቆረጥክ የተቀየምኩህ መሰለህ? ያን ቀንስ ተናድጃለሁ፤ ወላሂ ዋሽቼ አልናገርም። ልጄ እዚህ ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ ሳያት ግን ወጣልኝ። የተቀየምኩህ በሌላ ነው። እናቴ ጥላ አጥታ በፀሐይ ስትሰግድ አንተ በዚህ በር እንዳታልፍ መንገድ ቀየርክ። ትምህርት ቤትህ እዚህ ሆኖ በጓሮ በኩል ነበር የምትሄደው። ጉቶውን ማየት ፈራህ። እኛ ደግሞ ከጉቶው አጠገብ ነበርን።»

ቲቸር ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «አፍሬ ነው፣ እትዬ።»

«ያኔ ወጣት ነበርክ። አሁንስ?»

«አሁንም አፍራለሁ።»

አሮጊቷ ተነሡ። ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ መጥተው ከወንድማቸው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ለመነሣት ስል በእጃቸው መለሱኝ። የወንድማቸውን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «አብሽር» አሉ። ወሎ ውስጥ ለሐዘንተኛም፣ ለታማሚም፣ ልቡ ለወደቀ ሁሉ የምንላት ቃል ናት። ቲቸር አለቀሱ። እኔ ወደ ማሾው ዞሬ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ላደርግ?

ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱ መጣ። ዛፉ በወደቀ ሰሞን ርግቦቹ ለብዙ ቀን እየተመለሱ በጉቶው ላይ ይቀመጡ እንደነበር እህታቸው ተናገሩ። አንዷ በአፏ ጭራሮ ይዛ መጥታ የምታኖርበት አጥታ ስትዞር ውላለች። እናታቸው ጉቶው ላይ ማሽላ ይበትኑላቸው ነበር። በመጨረሻ ርግቦቹ ወደ ገደሉ ሄዱ።

«ስሟስ?» አልኳቸው። ላለማቋረጥ ብዙ ታግሼ ነበር።

«ስም?» ግራ እንደተጋቡ አዩኝ። «ለወፍ ስም ማን ያወጣል? ‹የዋንዛዋ› ነበር የምንላት። ‹ኧረ የዋንዛዋ መጣች፣ እህሉን ክደኑ› ትል ነበር እናታችን።»

«የዋንዛዋ!» ቲቸር እጃቸውን አጨበጨቡ። እንባቸው ገና አልደረቀም። «እሱ ነው! ልጄ፣ ሰማሽ? እንግሊዙም ከዚህ የተሻለ ነገር አላለም። ‹የግንዷ› ነው ያለው። የሁሉም አገር ገበሬ ደጃፉን አይቶ ነው ስም የሚያወጣው።»

«እንግዲያው ‹የዋንዛ ርግብ› ብዬ ልጻፍ?» አልኩ። ለእህታቸው መታሰቢያ እንዲሆን ብዬ ነው፤ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

አሮጊቷ ሥዕሉን እንደገና አነሡ። «በዚያ አገር ዋንዛ አለ?»

ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም። ሌላ ዛፍ ነው ያላቸው።»

«እንግዲያው የዋንዛ አትበያት። ውሸት ይሆናል። የዋንዛዋ የእኛይቱ ናት፤ ይህቺ የሰው አገር ናት። የምትኖረው በግንድ ውስጥ ከሆነ ‹የግንድ ርግብ› በያት፤ በቃ።»

ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። በትርጉም ሥራዬ ከዚያ የተሻለ ምክር ሰጥቶኝ የሚያውቅ የለም።

ምሳ በላን። ከቀትር በኋላ እንሂድ ስል ቲቸር ኮታቸውን አልለበሱም። «አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «እኔ እስከ ጁምዓ እቆያለሁ።» እህታቸው ከቤት ውስጥ «እስከ ጁምዓ ምን አለው፣ እስከፈለገ ይቆይ» አሉ። ወደ ደሴ ብቻዬን ተመለስኩ፤ ከመኪናው ላይ ለልጃቸው ደውዬ ስነግራት «ቅያሪ ልብስ እልክላቸዋለሁ» አለችኝ።

አሳታሚዎቹ እንደገና ማተም አንችልም አሉ። ስለዚህ «የግንድ ርግብ» የሚሉ ትንንሽ ቁራጭ ወረቀቶች አሳተምኩና ኮምቦልቻ፣ ማተሚያ ቤቱ መጋዘን ውስጥ ገና ባልተላኩት መጻሕፍት ላይ እየለጠፍኩ ሁለት ቀን ዋልኩ። አባቴና እናቴ ሊያግዙኝ መጡ። ሙቀቱ አይቻልም፤ ሙጫው ከጣታችን አልለቅ አለ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራ ላይ ቀልድ አያውቁም፤ እያንዳንዷን ቁራጭ በማስመሪያ ለክተው ነበር የሚለጥፉት። እናቴ «ማን ያየዋል እንዲህ ስትለካው?» ስትላቸው «አንድ ልጅ ያየዋል» አሏት። ቀድመው የተላኩት ግን አልተመለሱም። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ የት እንደሆነ ባላውቅም፣ አክሲዮን ስላላት ርግብ የተማረ ልጅ አለ። እሱን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

ቲቸር ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ከስግደት መልስ ከእህታቸው ጋር ይደዋወላሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ በዚያ ሰዓት ደረስኩ። ቲቸር ስልኩን በጆሯቸው ላይ ተጭነው ይጮኻሉ። የርግቧ ቀዳዳ በዋንዛው በምሥራቅ በኩል ነበር ይላሉ፤ እህታቸው ደግሞ ከወዲያ፣ እኔ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ በምዕራብ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወላሂ ይላሉ፤ ሁለቱም አይበገሩም። ልጃቸው ሻይ እያቀረበችልኝ «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እዚሁ ላይ ናቸው» አለችኝ።